የወሊድ ፈቃድ ደመወዜን «ስትመለሺ ይከፈልሻል» ብለው አስቀሩብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰኔ 12 ቀን 2017 የወሊድ ፈቃድ ወጣሁ፤ ሐምሌ 12 ሴት ልጅ ወለድኩ። የሰኔ ደመወዝ ገባልኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ድምፃቸው ጠፋ። ስደውል «ስትመለሺ አንድ ላይ ይከፈልሻል» አሉኝ። የልጄን ክርስትና እንኳ በብድር ነው ያስነሳነው። ሦስት ወር ቆጥሬ ጥቅምት 12 ተመለስኩ። አሁን ደግሞ «ኦዲት ላይ ነን፣ የሚቀጥለው ወር» ይሉኛል። ጭራሽ አምስት ቀን ዘግይተሽ ነው የመጣሽው ብለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ባለቤቴ የግል ድርጅት ሹፌር ነው፤ ስወልድ የቀረባቸውን ሦስት ቀናት ከደመወዙ ቆርጠውበታል። ይኸው ኅዳር እያለቀ ነው። ልጠብቅ ወይስ ልክሰስ? ከከሰስኩ ያባርሩኛል ብዬ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። ልጅሽን ያሳድግልሽ።

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽ፦ አትጠብቂ። የሐምሌ ደመወዝሽ የሚጠየቅበት ጊዜ ጥር 30 ላይ ያበቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ሠራተኛ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌላ ክፍያ የሚጠይቅበትን ጊዜ 6 ወር አድርጎ ገድቦታል። ቆጠራው የሚጀምረው ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ነው እንጂ አንቺ ሥራ ከተመለስሽበት ቀን አይደለም። ስለዚህ ሐምሌ 30 መከፈል የነበረበት ጥር 30 ላይ ይርጋ ይይዘዋል፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው ያልፍበታል፤ የነሐሴው የካቲት መጨረሻ ላይ፣ የመስከረሙ መጋቢት መጨረሻ ላይ እንዲሁ እያሉ ይከተላሉ። የደመወዝ ቀናችሁ ወሩ 25 ላይ ከሆነ ደግሞ በዚያው ልክ ቀደም ይላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ፦ ጥር 30 ዘንድሮ ቅዳሜ ነው የሚውለው፤ በፊቱ ደግሞ ገናና ጥምቀት አሉ። እንደኔ እንደኔ ታኅሣሥ ሳይጋመስ ጉዳዩ መዝገብ ይዞ ቢገኝ ጥሩ ነው።

«የሚቀጥለው ወር» የሚለው መልስ አደጋው ይኼ ነው። ሆን ብለው ያድርጉትም አያድርጉትም በየወሩ እየቀጠሩሽ 6 ወሩን ያስበሉሻል። በቃል የተሰጠ ተስፋ ይርጋውን አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ፍርድ ቤት ክስ ስትመሠርቺ፣ ሕጉን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አቤት ስትይ፣ ወይም አሠሪው ራሱ «አዎ፣ ይህን ያህል ያልተከፈላት ደመወዝ አለ» ብሎ በጽሑፍ ሲያምንልሽ ነው። ስለዚህ «ኦዲት ላይ ነን» ካሉሽ ደስ ይበልሽና ያንኑ በወረቀት ጻፉልኝ በያቸው። ከጻፉልሽ ጊዜ አገኘሽ ማለት ነው። አንጽፍም ካሉሽ ደግሞ ለምን እንደማይጽፉ ገብቶሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ነው። የወሊድ ደመወዝ ከጡረታ ተቋሙ ወይም ከመንግሥት ካዝና የሚመጣ የሚመስለው ሰው አለ። በሌላ አገር እንዲህ ያለ ፈንድ አለ፤ እናቲቱ ማመልከቻ ታስገባለች፣ ፈንዱ አጣርቶ ይከፍላል፣ ሲዘገይ ፈንዱን ትጠይቃለች። እኛ ጋ የለም። ከደመወዝሽ በየወሩ የሚቆረጠው 7 በመቶ እና አሠሪው የሚጨምርበት 11 በመቶ ለጡረታ ነው፤ ለወሊድ ከዚያ የሚወጣ ነገር የለም። የወሊድ ፈቃድ ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪው ራሱ ነው፣ ከራሱ ኪስ፣ በራሱ ፔሮል። ስለዚህ «ከላይ አልተፈቀደም»፣ «ክፍያው ገና አልመጣም» ቢሉሽ ከየት ነው የሚመጣው ብለሽ ጠይቂ። የሚጠበቅ ሦስተኛ ወገን የለም። (ሸክሙ አሠሪው ላይ ብቻ መውደቁ ትክክል ነው ወይ ብትይኝ፣ በእኔ እምነት አይደለም፤ ትንንሽ ድርጅቶች ነፍሰ ጡር ለመቅጠር የሚያመነቱት በዚህ የተነሳ ነው። ግን ያ የፖሊሲ ክርክር ነው፤ ያንቺን ደመወዝ አያዘገይም።)

«ስትመለሺ አንድ ላይ» የሚባለውም መሠረት የለውም። አዋጁ በአንቀጽ 88 ላይ ከወሊድ በፊት 30 ተከታታይ ቀናት፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ከደመወዝ ጋር ማለት ጓደኞችሽ ደመወዝ በሚወስዱበት ቀን ያንቺም ይገባል ማለት ነው። ገንዘቡ የሚያስፈልገው አራስ ቤት እያለሽ ነው እንጂ ከዚያ በኋላ ምን ያደርግልሻል! መመለስሽን እንደ ቅድመ ሁኔታ የሚያስቀምጥ አንቀጽ የለም። «ልጅ ወልደው ገንዘባቸውን ይዘው ይጠፋሉ» የሚል አሠሪ አጋጥሞኛል። የሚጠፋ ሊኖር ይችላል። ሕጉ ግን ደመወዝን መያዣ አድርግ አላለውም።

እንዲህ ያለው ነገር ከየት እንደሚመጣ ልንገርሽ፤ ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ ፔሮሉ የሚሠራው ከአሻራ መቆጣጠሪያው በሚወጣ ዝርዝር ነው። አሻራ ያላደረገ ሰው በዝርዝሩ ላይ «ቀሪ» ሆኖ ይወጣል። የፈቃድ ቅጽሽ ከሰው ኃይል ወደ ፋይናንስ ካልተላለፈ፣ ፔሮል የሚሠራው ልጅ ስምሽን አይቶ «ይቺ አልመጣችም» ብሎ ያልፍሻል። የሰኔው የገባልሽ ወሩን አጋማሽ ድረስ ስለሠራሽ እና ስምሽ ገና ስላልወጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቂው ጥያቄ «ደመወዜ የታለ?» አይሁን። «የፈቃድ ቅጼ ለፋይናንስ የተላለፈበትን ደብዳቤ ቀንና ቁጥር ንገሩኝ» በያቸው። ካልተላለፈ ጥፋቱ የት እንዳለ ታወቀ፤ አንዳንዴ እዚያው በሁለት ቀን ይፈታል። የሥራ ባልደረቦችሽንም ጠይቂ። የሁሉም ሰው ደመወዝ ዘግይቶ ከሆነ ችግሩ የድርጅቱ የገንዘብ ችግር ነው፤ ብቻሽን ሳይሆን በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል መሄድ ያዋጣል። የዘገየው የወለዱት ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ሌላም የወለደች ካለች ፈልጊያት፤ ሁለት ሰው ሲሆኑ መልስ የሚሰጡበት ፊት ይለያል።

የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ የኅብረት ስምምነቱን፣ ማለትም ማኅበሩና አሠሪው የተፈራረሙትን ውል፣ ኮፒ ጠይቂ። አዋጁ ያስቀመጠው ዝቅተኛውን ነው፤ ኅብረት ስምምነት ከዚያ በላይ ሊሰጥ ይችላል።

ቀን ቆጠራው ላይ ግን እነሱ አንድ ነጥብ አላቸው። ሕጉ 90 ቀን ይላል እንጂ ሦስት ወር አይልም። ሐምሌ 12 ወለድሽ፤ ከ12 እስከ 30 ድረስ 19 ቀን፤ ነሐሴ ሲጨመር 49፤ ጳጉሜ 5 ቀን ስለነበረች 54፤ መስከረም ሲያልቅ 84፤ የቀረው 6 ቀን ጥቅምት 6 ላይ ያልቃል። ስለዚህ መመለስ የነበረብሽ ጥቅምት 7 ነው። ሦስት ወር ብሎ የቆጠረ ሰው ጳጉሜን ይረሳታል፣ ጳጉሜ ደግሞ እንደማንኛውም ቀን ትቆጠራለች፤ እሑድና በዓሉም እንደዚያው። የልጅሽን ክርስትና 80 ቀን በጣትሽ ቆጥረሽ አንድም ቀን ሳትስቺ እንዳደረስሽው ዓይነት ነው፣ 90ውም እንደዚያ ነው የሚቆጠረው።

የእነሱ ስህተት ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። ከጥቅምት 7 እስከ 11 አምስት ቀን ነው ያሉት፤ ጥቅምት 9 ግን እሑድ ነበር። የቀረሽው 4 የሥራ ቀን ነው። ይኼ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ፤ ያለ በቂ ምክንያት በድምሩ 5 የሥራ ቀን መቅረት የሚለው ቁጥር ለስንብት የሚነሳ ቁጥር ነውና «5 ቀን ቀርታለች» የሚል ወረቀት ፋይልሽ ውስጥ ዝም ብሎ መተኛት የለበትም። ለማስጠንቀቂያው በጽሑፍ መልስ ስጪ። ሦስት ወር መስሎሽ እንደቆጠርሽ፣ የሥራ ቀናቱ 4 መሆናቸውን፣ የመመለሻ ቀንሽን የሚገልጽ ደብዳቤ ካልሰጡሽም እንዳልሰጡሽ ጻፊ። በዚያ ሳምንት አሞሽ ወይም ልጅሽ ታማብሽ ከነበረ የጤና ጣቢያውን ወረቀት አያይዢ። የነዚያን አራት ቀናት ደመወዝ ቢቆርጡ ብዙ አልከራከርልሽም። በነዚያ ቀናት ሰበብ የ90 ቀኑን መያዝ ግን አይችሉም፤ ሁለቱ አይገናኙም።

የምትጠይቂውን ገንዘብ ልክ አድርገሽ ጻፊ። አዋጁ ደመወዝ የሚለው መደበኛውን ደመወዝ ነው። የትርፍ ሰዓት፣ የትራንስፖርት አበል፣ ቦነስ፣ ለተጨማሪ ውጤት የሚሰጥ ማበረታቻ በአንቀጽ 53 መሠረት ደመወዝ ውስጥ አይገቡም። ፋብሪካ ውስጥ በየወሩ እጅሽ ላይ የሚገባው ብር ብዙ ጊዜ በመገኘት ቦነስና በምርት ማበረታቻ ያበጠ ነው፤ በፈቃድ ላይ ሆነሽ እሱ አይመጣም፣ ኅብረት ስምምነቱ ካልጨመረው በስተቀር። ግብርና ጡረታም እንደወትሮው ይቆረጣል። አብዝተሽ ጠይቀሽ ከምትከራከሪ ልኩን ይዘሽ ሂጂ። በዚያው የጡረታሽንም አረጋግጪ፦ በነዚያ ወራት ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ገብቶልሻል ወይ? ደመወዙን ያልከፈለ መዋጮውንም ላይከፍል ይችላል፣ የአገልግሎት ዘመንሽ ላይ ክፍተት ይፈጥራል። የዓመት ፈቃድሽንም እይ፤ የወሊዱን ከዓመት ፈቃድ ላይ ቀንሰው የሚጽፉ አሉ፣ ያ ትክክል አይደለም፣ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው።

ደብዳቤው ረጅም አይሁን። ገጽ ሙሉ ሮሮ ማንም አያነብም። ሐምሌ 12 ቀን 2017 መውለዴን፣ የሐምሌ፣ የነሐሴና የመስከረም ደመወዝ እንዲሁም የጥቅምት 1 እስከ 6 ክፍያ አለመከፈሉን እገልጻለሁ፤ መጠኑ ይህን ያህል ነው፤ በ10 ቀን ውስጥ እንዲከፈለኝ ወይም ያልተከፈለበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ፤ በቃ። ሁለት ኮፒ አድርጊው። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቢ፣ በሁለተኛው ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማህተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስደርጊ። ማህተም አንመታም ካሉሽ ፖስታ ቤት ሄደሽ በአደራ ደብዳቤ ላኪው፤ የምትቀበይው ደረሰኝ ማስረጃ ነው። ከሰው ኃይል ጋር በቴሌግራም የተጻጻፋችሁትም ካለ አታጥፊው፣ ስልክሽ ሳይበላሽ ስክሪን ሾት አንስተሽ አሳትሚው። ከሆስፒታል ወይም ከጤና ጣቢያ የተሰጠሽ የልደት ማሳወቂያ፣ የልጅሽ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፈቃድ ቅጹ ኮፒ፣ ከባንክ የወጣ የስድስት ወር መግለጫ አብረው ይሂዱ። መግለጫው የሚጠቅመው በየወሩ ስንት ይገባልሽ እንደነበርና ከሐምሌ ጀምሮ ዜሮ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። የልደት ምዝገባውን ገና ካላደረጋችሁ ሕጉ 90 ቀን ነው የሚሰጠው፣ አልፏል፤ ዘግይቶም ቢሆን ይመዘገባልና ቀበሌ ጠይቁ።

ከዚያ የከተማው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሂጂ። እዚያ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለ፤ ድርጅቱን ጠርቶ ማነጋገር፣ ገብቶ ማየት ይችላል። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ፋብሪካ የተቆጣጣሪ ጥሪ ሲደርሰው የጠፋው ገንዘብ ይገኛል። አቤቱታሽን በጽሑፍ አስገቢ፣ እዚያም ኮፒሽ ላይ ማህተም ይመታ። በቃል ተናግረሽ ከወጣሽ እንዳልሄድሽ ነው የሚቆጠረው። ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ ሆናችሁ ይህን የምታነቡም ደብረ ብርሃን ድረስ መምጣት የለባችሁም፣ የየወረዳችሁ ጽሕፈት ቤት አለ።

እዚያ ካልሆነ ወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው የምትሄጂው። ሰው ፍርድ ቤት ሲባል ዓመታት የሚፈጅና ገንዘብ የሚያራቁት ይመስለዋል። የሥራ ክርክር ግን ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ችሎቱም ክሱ በገባ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ነው አዋጁ የሚለው። በተግባር ሊዘገይ ይችላል፣ አልዋሽሽም። ቅር ያለው ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል። ጠበቃ ግዴታ አይደለም። አራስ ነሽ፣ ቀጠሮ መመላለስ ይከብድሻል፤ ባለቤትሽ በውክልና ሊቆምልሽ ይችላል። ዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ስላለው ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቂ፤ ክስ መጻፍ ላይ ይረዱሻል።

የምትፈሪው መባረር ነው። ሁለት ነገር ልበልሽ። አንደኛ፣ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረቡ ወይም መክሰሱ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ይላል። ሁለተኛ፣ ነፍሰ ጡር ሴትና ከወለደች በኋላ ለ4 ወር ከእርግዝናዋ ወይም ከወሊዷ ጋር በተያያዘ ምክንያት አትሰናበትም። የአንቺ 4 ወር ኅዳር ላይ አልቋል፤ ስለዚህ አሁን የሚጠብቅሽ የመጀመሪያው ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ቢያሰናብቱሽ ምን ይሆናል? ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ መግባት አለበት፤ ያ ከ6 ወሩ ያጠረ ነው፣ ተጠንቀቂ። ከሥራ ስትለቂ የሚገባሽ ክፍያ ደግሞ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፤ ካዘገዩት ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ሊያስከፍላቸው ይችላል። «የምጠይቀው ነገር የለኝም» የሚል ወረቀት አምጥተው ፈርሚ ቢሉሽ ደግሞ ሳይከፈልሽ እንዳትፈርሚ፤ «የቆየውን ለመስጠት ነው፣ ፎርማሊቲ ነው» ይሉሻል፣ ብሩ መጀመሪያ ይግባ።

አንድ ነገር ለወደፊቱ፣ በተለይ ከመንዝ ከመርሐ ቤቴ ከተጉለት መጥታችሁ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታችሁ ለምትሠሩ እህቶች። ስትወልዱ እናታችሁ ዘንድ አገር ቤት ትገባላችሁ፣ ስልክ አይሠራም፣ ድርጅቱ የጻፈው ደብዳቤ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይውላል። ከመሄዳችሁ በፊት ደብዳቤ የሚቀበልላችሁን ሰው ስምና ስልክ በጽሑፍ አስመዝግቡ፤ የመመለሻ ቀኑም በቀን ቁጥር ተጽፎ ይሰጣችሁ። ከ90 ቀን በኋላ ካልተሻላችሁ ሳትሄዱ አትቅሩ፣ የሐኪም ወረቀት አውጡ፤ የሕመም ፈቃድ ለብቻው አለ፣ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ሁለት ወር ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ደመወዝ።

ባለቤትሽን ልርሳው ነበር። በግል ድርጅት የሚሠራ አባት ሚስቱ ስትወልድ 3 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ አለው፣ አንቀጽ 81 ላይ ነው። የቆረጡበት ስህተት ነው። የልደት ማሳወቂያውን ኮፒ አያይዞ ይመለስልኝ ብሎ ይጻፍ። ሳያስፈቅድ ቀርቶ ከሆነ ይከራከሩታል፣ ቢሆንም ልጅ ሲወለድ ቀን ተቆጥሮ አይመጣም፣ በዚያው ቀን ለአለቃው ደውሎ ከነበረ የስልክ ዝርዝሩን ያሳይ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አባቶች ግን በዚህ 3 ቀን አትመለሱ። የእናንተ ሕግ ሌላ ነው፤ የፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 ለአባት 10 የሥራ ቀን ነበር የሰጠው፣ የክልል ሠራተኛ ደግሞ የክልሉ አዋጅ አለው፣ ቅሬታውም የሚሄደው ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ሳይሆን ወደ ቅሬታ ሰሚና ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ነው።

ባለቤትሽ የተቆረጠበት ከሐምሌ ደመወዝ ላይ ከሆነ የእሱም ቀን ጥር 30 ነው። ሁለታችሁም ደብዳቤያችሁን በዚህ ሳምንት አስገቡ፤ አሠሪያችሁ አንድ ስላልሆነ ለየብቻ።